ዶርዜ ዳገት ላይ የለመንነው ዝምታ

በዚያ የውድድር ቅዳሜ ጠዋት የነበርነውን በስም ልጥራ። ጋሽ ዘለቀ ነበሩ፤ የጨንቻን ዳገት ዕድሜ ልካቸውን በጭነት መኪና የወጡና የወረዱ፣ ያኔ ጡረታ ላይ የነበሩ ሾፌር። ቲቸር ሰናይት ነበረች፤ የስፖርት መምህርት፣ ለልጆቻችን ዋና ያስተማረችው እሷ ናት። ጀማል ነበረ፤ አርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ የብስክሌት መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ። ሀላቃ ዶሳ ነበሩ፤ ሀላቃ ማለት በጋሞ ደጋ ሕዝቡ መርጦ የሚሾመውና ቃሉን የሚያከብርለት የባህል ሹም ነው። አቶ ሻንካ ነበሩ፤ ከዶርዜ አለፍ ብሎ ባለች መንደር የሚኖሩ ሸማኔ። ልጃቸው አማረች ነበረች፤ ተወዳዳሪዋ። እኔ ምናሴም ነበርኩ፤ ብስክሌት ጠጋኝና ራሱን በራሱ ያስተማረ አሰልጣኝ። መንደርተኛው ደግሞ በሙሉ ነበረ። ያን ሁሉ ሰው በስም መጥራት አልችልም፤ ይህን የምጽፈው ግን በተለይ ለእነሱ ነው።

አሁን ሥራዬ ሌላ ነው። ጫኖ ውስጥ በሙዝ እርሻዎች መካከል እየዞርኩ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ባለፈው ሰሞን የብስክሌት ጎማ ማቃኛ መሣሪያዬን ለአንድ ጠጋኝ ሸጥኩት። ሰውየው አንሥቶ ሲሄድ፣ ከስፖርቱ ሥራ በእርግጥ መውጣቴ ያኔ ገባኝ። ስለዚህ ያየሁትን ሳልረሳው ላስቀምጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት የሚሊኒየሙ ዓመት አካባቢ ነው፤ ሲቀላ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር። የመጀመሪያው አለቃዬ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ያቃናሁትን ጎማ አንሥቶ በጣቱ ያሽከረክረዋል፤ አይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ካልወደደው ያለ አንድ ቃል መልሶ ጭኔ ላይ ያስቀምጠዋል። ጥፋቴን ነግሮኝ አያውቅም፤ ፈልጌ ማግኘት የእኔ ፋንታ ነበር። ከእሱ ጋር ሁለት ክረምት ሠራሁ። ራጂ፣ ጎማውን የሚወጥረው ቀጭን ሽቦ፣ ሲላላ በድምፁ መለየት የቻልኩት ያኔ ነው።

ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ለወጣቶች ስፖርት በጊዜያዊነት ቀጠረኝ። ደሞዙ ይዘገያል እንጂ አይቀርም ነበር። መጀመሪያ ካምባ ወረዳ ላኩኝ፤ ለወጣቶች የተሰጡ ብስክሌቶች ነበሩ፣ ጠግን፣ ልጆቹንም አለማምድ ተባልኩ። ስደርስ ብስክሌቶቹ ገበያ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ላይ የድንች ጆንያ፣ ሌላው ላይ በግ ታስሯል። ልጆቹ አላፈሩም። ዳገት ላይ ጆንያ የጫነ ብስክሌት የሚገፋ ሰው ምን ያህል ኃይል እንደሚቆጥብና የት ቦታ ላይ ቆሞ እንደሚያርፍ ካምባ ላይ አየሁ። ሥልጠናው ብዙም አልሆነልኝም፤ የተማርኩት ግን እኔ ነኝ።

ወደ አርባ ምንጭ ስመለስ አለቃችን ሁላችንንም ሰብስበው ትራያትሎን የሚባል ስፖርት እንድንጀምር መባሉን ነገሩን። መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ሩጫ፤ ሁሉም ሳያርፉ በአንድ ጠዋት። የእኛ ግማሽ ርቀት የሚባለው ነው፤ ግማሽም ተብሎ ከማለዳ እስከ ቀትር ይፈጃል። ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አለቃችን ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩና «አንተ ብስክሌት ታውቃለህ፣ ሰናይት ዋና ታውቃለች፣ ሩጫ ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቃል» አሉ። ቡድኑ የተቋቋመው እንዲህ ነው።

ሁለት ሐይቅ አጠገባችን አለ፤ ግን የአዞ ነውና ዋና ማሠልጠኛችን በላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ላይ ያለ የአንድ ሆቴል ገንዳ ሆነ። ከደጋ የወረዱት ልጆች የመጀመሪያ ቀን የገንዳውን ጠርዝ ይዘው አልለቅ አሉ። ሰናይት አልተቆጣቻቸውም። ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው እንዲያንጎራጉሩ ታደርግ ነበር፤ የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን አይዝም። በሳምንቱ ገንዳው ዳር የቆመ ሰው ከውሃ ውስጥ የሰርግ ዘፈን ይሰማ ነበር።

የእኔ ድርሻ አቅምን ማከፋፈል ነበር። ብስክሌቱ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ይወርዳል፣ በጫኖ በኩል በሜዳው ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ የጨንቻን መንገድ ይዞ እስከ ዶርዜ በላይ ይወጣና ይወርዳል። ሩጫው ደግሞ ከሲቀላ ሴቻ ዳገት ላይ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ሆና። ዳገቱ ላይ ኃይሉን የጨረሰ ሰው ለሩጫው እግር አይተርፈውም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስንት ይቆጥብ፣ የት ያውጣው የሚለው ነው ችግሩ። ሴቻ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ያገኘሁትን እያሳተምኩ በመዝገበ ቃላት አነብ ነበር። ያነበብኩት ሁሉ የሚጀምረው ከመሣሪያ ነው፤ የልብ ምት የሚቆጥር፣ የእግር ጉልበት የሚመዝን። እኛ ጋ ያለው መሣሪያ የጎማ መንፊያና መፍቻ ነው።

ጋሽ ዘለቀን ያወቅሁት ያኔ ነው። የልጅ ልጃቸውን ብስክሌት ሊያሠሩ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ የውድድር ብስክሌት ፍሬን እያስተካከልኩ ነበር። ለመውጣት ነው ለመውረድ የምታዘጋጀው ብለው ጠየቁኝ። ለሁለቱም አልኳቸው። «ለሁለቱም የሚባል መኪና የለም» አሉና ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ መጡ።

ሾፌር ሳሉ የነበራቸውን ልማድ አብሬያቸው ወጥቼ አይቻለሁ፤ የድሮ ባልደረባቸው መኪና ላይ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሁልጊዜ ያቆማሉ። ሞተሩን ሳያጠፉ ይወርዱና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። በመዳፍ አይደለም፤ የሠራተኛ መዳፍ ሙቀት አይለይም ይላሉ። ውሃ ይጎነጫሉ፣ ሬዲዮውን ይዘጋሉ፤ ከዚያ ዳገቱ እስኪያልቅ ወሬ የለም። ማርሽ የሚቀይሩት ሞተሩ ከማቃሰቱ በፊት ነው። ካቃሰተ በኋላ የሚቀየር ማርሽ ይቅርታ መጠየቅ ነው አሉኝ፤ ሞተር ደግሞ ይቅርታ አይሰማም።

ብዙውን ወደ ብስክሌት አዛወርኩት። መታጠፊያው ሳይታይ ማርሽ ማቅለል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ይዞ አለመውረድ፤ ከመታጠፊያው በፊት ያዝ አድርጎ መልቀቅ፣ የፊቱንና የኋላውን ማፈራረቅ። ያ መንገድ ያኔ ከፊሉ ጠጠር ነበር፤ ፍሬን ላይ የተንጠለጠለ ሰው ቸርኬው፣ ጎማው የሚቀመጥበት ብረት፣ ይግልበታል፤ ቸርኬው ሲግል በማስቲሽ የተለጠፈ ካመነዳሪ፣ አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ ልጥፉ ይላቀቃል። ስለዚህ በውድድር ቀን የፊት ጎማ ውስጥ ልጥፍ ያለበት ካመነዳሪ አላስገባም ነበር። ምግቡን በሜዳው ላይ ማር የተለወሰ በሶና ሙዝ፣ ዳገቱ ላይ ውሃና ቁንጥር ጨው ብቻ አደረግነው። ዳገት ላይ የሚያኝክ ሰው ትንፋሹ ይበላሻል።

የትንፋሽ መለኪያውን ያመጡት ግን ጋሽ ዘለቀ ናቸው። የጨንቻ መንገድ ሰው አይጠፋበትም፤ ደጋ ላይ ደግሞ ሰው ሳይሰላለም አይተላለፍም። «ሳሮ» ይባላል፣ ሰላም ለማለት፤ ከዚያ የቤቱ፣ የልጆቹ፣ የከብቱ ደህንነት ይከተላል። ጋሽ ዘለቀ ተወዳዳሪዎቹ ዳገቱ ላይ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ ሰላም እንዲሉ አዘዙ። ሰላምታውን እስከ ከብቱ ድረስ ሰጥቶ ምላሹን መስማት የቻለ፣ ልኩን ይዟል። ከሳሮ በላይ ካልወጣው ፈጥኗል። ጨዋታ ከጨመረ ደግሞ ሰንፏል። እኔ ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ልጆቹ ዳገቱን ሲጨርሱ እግራቸው ትኩስ እንደሆነ አየሁ። ካነበብኩት ሁሉ የተሻለ መለኪያ ይህ ሆነ።

በዚህ መለኪያ እንደ አማረች የተካነ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣችው ሯጭ ሆና ነው፤ ጉልበቷን ታመመችና ወደ ብስክሌት አዛወርናት። ደጋ ነው ያደገችው፤ ዳገት አያስፈራትም። ውሃ ግን ትፈራ ነበር። አዞው ሐይቁ ውስጥ ብቻ ነው ያላችሁኝ፣ ይሄ ገንዳ ግን እግር ይይዛል እያለች ሰናይትን ታስቃት ነበር። ከልምምድ በፊት ብስክሌቷን ለረጅም ጊዜ እየነካካሁ ስቆይባት፣ አንተ የምታሠለጥነው እኔን ነው ብስክሌቱን ትለኛለች። መካኒክ እንጂ አሰልጣኝ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

የዚያን ዓመት አቶ ሻንካ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ትንሽ ሲሻላቸው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ሸማ መሥሪያው ላይ ግን መቀመጥ አልቻሉም። አማረች በየሳምንቱ መጨረሻ መድኃኒት ይዛ ትወጣለች። ልምምድ ላይ ስትሆን ስልኳን የምትይዝላት ሰናይት ነበረች፤ እረፍት ስትወጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ተደውሎ እንደሆነ ነው። በዚህ መካከል ከሌላ ከተማ አንድ ክለብ ሰዎቹን ልኮ ውድድሩን ሊያይ መሆኑ ተነገረ፤ ከሴቶች አንደኛ የወጣችውን ይቀጥራል። ለአማረች ይህ ማለት የወር ደሞዝ ነው፤ የወር ደሞዝ ማለት ደግሞ አባቷን ይሻላል ወደሚባለው ሐኪም መውሰድ ነው። ሌላ መንገድ አልነበራትም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሷ ግን አንድም ቀን አላነሣችውም።

ከውድድሩ በፊት መንገዱን በሙሉ አንድ ጊዜ ሞከርነው። በሜዳው ልኳን ይዛ መጣች፣ ዳገቱንም በሰላምታ ጀመረች። መንደሯ ስትደርስ ግን መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ጠበቃት። እልልታ፣ ከበሮ፣ አብሯት የሚሮጥ ጎረምሳ። አማረች ፔዳሉ ላይ ቆመች። ከወንዶቹ ጋር እየተናነቀች ዳገቱን ጨረሰች፤ ሁሉም አጨበጨበላት። ከሰዓታት በኋላ የሴቻ ዳገት ላይ ጭኗ ተኮማትሮ መንገድ ዳር ተቀመጠች።

ምን ነካሽ አልኳት። «ሰው እያየኝ እንዴት ቀስ ልበል? የሻንካ ልጅ ደከመች እንዲሉ ነው?» አለች። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፤ ግን የገዛ መንደሬ ፊት ቀስ በል ብባል እኔም አልችልም።

ያን ሰሞን ጋሽ ዘለቀ ብስክሌት ወደምጠግንበት ሱቄ መጥተው ድንጋያቸውን ስበው ተቀመጡ። ልጅቷን ማዘዝ አይሆንም፣ ሰውን እንለምን አሉ። መንደሩ እንዳይጮህ። ለእሷስ እንንገራት ወይ አልኩ። ካወቀች ዝም ያለውን ሰው ታስባለች፣ እግሯን አታስብም አሉ። ነገሩ ሾፌር የተሳፋሪን ወሬ የሚዘጋበት ዓይነት ምክንያት ነበረው፤ እኔም ትክክል መሰለኝ።

ሐሙስ ቀን ወጣን። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ሣር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ዘለቀ ቆመው በጋሞኛ ተናገሩ። ልጅቷ የመንደሩ ልጅ መሆኗን፣ እልልታው ከፍቅር መሆኑን፣ ነገር ግን እልልታው ኃይሏን እንደሚበላው፣ ከዚህ በታች ገና ብዙ መንገድ እንዳለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ምርቃት የሚለምኑን ብዙ ናቸው፣ ዝምታ ስንለመን ግን ዛሬ የመጀመሪያችን ነው ብሎ አንዱ ቀለደ፤ ተሳቀ። ሀላቃ ዶሳ አልሳቁም። ሣሩን እየነካኩ፣ ልጅቷ አልፋ እስክትመለስ እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ቃልም የለም አሉ። እኛ የለመንነው ጩኸት እንዳይኖር ብቻ ነበር። ሀላቃው ግን በግማሽ መስጠት አያውቁም። አመስግነን ወረድን። በመንገድ ላይ ጋሽ ዘለቀ ሬዲዮ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ፤ ደስ ሲላቸው ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርጉት።

የውድድሩ ቀን ሰናይት ብስክሌትና ጫማ መለወጫው ቦታ ላይ ቀረች። ጀማል ውሃ ይዞ ከመንደሩ በላይ፣ ብስክሌቶቹ የሚዞሩበት ቦታ ቆመ። ጋሽ ዘለቀና እኔ ከዳገቱ ሥር ነበርን። የመኪና አጀብ ተከልክሏል፤ አማረችን የምናያት ስትወጣና ስትወርድ ብቻ ነው።

ከውሃው ወደ ኋላ ቀርታ ነው የወጣችው፣ እንደጠበቅነው። ሜዳው ላይ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። እኛ ጋ ስትደርስ ከሴቶች ሦስተኛ ነበረች፤ ሁለቱ ከፊቷ ብዙም አልራቁም፣ አንደኛዋ ደግሞ ገና ከአሁኑ ትከሻዋ ይወዛወዛል። አማረች ግን ቀና ብላ ተቀምጣለች። ሳሮ ጋሽ ዘለቀ፣ ቤቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ በሬዎቹስ አለቻቸው፤ ጋሽ ዘለቀ በሬ ኖሯቸው አያውቅም። ወደ እኔ ዞር ብላ «መካኒክ፣ ቁርስ በልተሃል?» አለች። ትንፋሿ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ጋሽ ዘለቀ ዞር ብለው አዩኝ። ፈገግ ማለታቸውን አየሁ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ፈገግ ሲሉ አላየኋቸውም።

ጠበቅን። ወንዶቹ ወረዱ። ከሴቶች አንደኛዋ ወረደች፣ ትከሻዋ የሚወዛወዘው። ጊዜው አለፈ። ሁለተኛዋም ወረደች። አማረች የለችም። ጎማ ፈነዳባት ብዬ መለዋወጫ ቦርሳዬን አነሣሁ። በዚህ መሃል ወደ ኋላ ከቀሩት ወንዶች አንዱ እየወረደ፣ ላይ መንደሩ ውስጥ ለቅሶ አለ ብሎን አለፈ።

ጋሽ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አቶ ሻንካ ሞቱ፣ ይቺ ልጅ መርዶውን መንገድ ላይ ሰማች፣ አሉ። ሁለታችንም ዳገቱን በእግር ጀመርነው።

የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ግማሹን ከጀማል፣ ግማሹን ከመንደሩ ሰዎች፣ ጥቂቱን ከራሷ። አማረች መንደሯን ስትገባ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ተሰልፏል። ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። እንደተማረችው ሳሮ አለች። የመለሰላት የለም። ቀጥላ ያገኘቻቸውን አረጋውያን የቤቱን፣ የልጆቹን ደህንነት ጠየቀች። አይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። አንዲት እናት የልጇን አፍ በመዳፏ ከድናለች። ደጋ ላይ ሰላምታ የማይመለስልህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰው ሞቶብህ አንተ ገና ካልሰማህ። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ የሚያውቀው ሁሉ ዝም ይላል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ቤትህ እስክትደርስ ይሸኝሃል። አክስቷን ከሰልፉ ውስጥ አየቻትና ምን ሆናችኋል አለቻት። አክስቷ የሀላቃውን ቃል ላለመስበር በነጠላዋ አፏን ይዛ ዞረች።

ሰላምታ የሰጠቻቸው እኛ ባስተማርናት መሠረት ነው፤ ዝም ያሏትም እኛ በለመንናቸው መሠረት።

ብስክሌቱን ጥላ በእንሰቱ መካከል ወደ ቤቷ እየጮኸች ሮጠች። መንደሩ ደግሞ ሲያያት፣ አንድ ሰው መርዶ ነግሯታል፣ ሻንካ በእርግጥ ሞቷል ብሎ አመነ። ዝምታው ተሰበረ። ሁሉም ተከተላት፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ ወንዶቹ እያለቀሱ። አቶ ሻንካ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ብስክሌቶቹ ሲያልፉ የሚሰማ ነገር ካለ ጆሯቸውን ጥለው ነበር። ልጃቸው በብስክሌት ሱሪዋ፣ ከኋላዋ መንደሩን በሙሉ አስከትላ እየጮኸች ግቢ ስትገባ ተነሥተው ቆሙ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

አማረች እያየቻቸው ቆመች። ሕዝቡም ከኋላዋ ቆመ። አቶ ሻንካ ሰዉን ተራ በተራ ተመለከቱት፤ እያንዳንዱ አይን እሳቸው ላይ ነው።

«እኔ ነኝ?» አሉ። ከዚያ ቁጭ አሉና፣ ለልጃቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ «በይ እንግዲህ አልሞትኩም። ብስክሌትሽ የት አለ?» አሉ።

ተመልሳ ሮጠች። ብስክሌቷን አንድ ሰው አንሥቶ አጥር ላይ አስደግፎት ነበር፣ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ። ጀማል እንደሚለው እሱ ጋ ስትደርስ ውሃውን ተቀብላ አልጠጣችውም፤ ፊቷ ላይ ደፋችው። ወላሂ ያን ፊት አልረሳውም ይላል። እኛን ያገኘችን መንገድ ላይ ነው፤ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳትነካ እየወረደች። ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን አነሡ። «ሳሮ» ብቻ ብላ አለፈች።

ሴቻ ዳገት ላይ ሁለተኛዋን ደረሰችባት። አንደኛዋን አልደረሰችባትም። የክለቡ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሰናይት ሄዳ የሆነውን ነገረቻቸው፣ አዳመጧት፣ አዘኑም። ግን የተሰጣቸው ቦታ አንድ ነው፤ አንደኛ የወጣችውም ልጅ ያለባትን ችግር እኛ አናውቅም። ወሰዷት። ትክክል ነው ያደረጉት።

በሳምንቱ ጋሽ ዘለቀ ዱቡሻው ላይ ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ሀላቃ ዶሳ አቋረጧቸው። «የጠየቅኸንን ሰጠንህ፤ በዚህ አንተም እኛም አንወቀስም። ዝምታው ግን የልጅቷ ነበር። እሷን ማን ጠየቃት?» አሉ። ጋሽ ዘለቀ ያን ጥያቄ ቆመው ሰሙት። ሽማግሌዎቹ ባርከው አሰናበቱን። ስንወርድ ጋሽ ዘለቀ ሬዲዮ ይከፈትልኝ አላሉም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ዘለቀ ሱቄ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ግን ስለ ዳገት የሚጠይቃቸው ሲኖር እኔ የማውቀው መኪና ነው ይላሉ። አማረች አንድ ዓመት ተለማመደች። ክለቡ አልተመለሰም፤ እኛም ጋ ግማሽ ርቀት ድጋሚ አልተካሄደም። አቶ ሻንካ በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። አማረች ያኔ አጠገባቸው ነበረች፤ መርዶ የሚነግራት ሰው አላስፈለገም። ከዚያ ሸማኔ አግብታ አዲስ አበባ ሄደች።

እኔ ጥቂት ዓመታት ቀጠልኩ። ሌሎች ልጆችን ለሌሎች ዳገቶች አዘጋጀሁ። የምንሠራውን ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ አስቀድሜ ለልጁ እነግረው ነበር፤ አንዳንዶቹ ይሰለቹኝ ነበር። በዳገት ላይ የሰላምታውን መለኪያ ግን ማስተማር አልቻልኩም። እጀምረውና አፌ ላይ ይቀራል። ጋሽ ዘለቀ ከሞቱ በኋላ ሊያስተምረው የሚችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከእኔም ጋር አብሮ መጥፋቱ ይቆጨኛል፣ ደህና መለኪያ ነበርና። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ቀጥሩኝ ብዬ አልጠየቅሁም።

አማረችን ከዓመታት በኋላ ያገኘኋት ለመስቀል፣ ሸማኔዎቹ ሁሉ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው። ልጅ አዝላለች። ተሳሳቅን፤ አሁንም መካኒክ ነው የምትለኝ። ስለዚያ ቀን እኔ አላነሣሁም፤ እሷ አነሣችው። ለማንም ያልነገረችውን አንድ ነገር ነገረችኝ። ሰልፉ መካከል ስታልፍ፣ ብስክሌቱን ከመጣሏ በፊት፣ ከአጥሩ በኩል አንድ ሰው ስሟን ጠርቷታል። በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ። ወንድ ይሁን ሴት አልለየችም። መርዶውን ሊነግራት መሰላት፤ እንዳልሰማች ሆና አለፈች።

ማን እንደጠራት ሀላቃ ዶሳን ጠይቄአለሁ፤ እሳቸውም አያውቁም፣ ቃላቸውን በመስበሩም እንደማይቀየሙት ነግረውኛል። የጎደለኝን ልትሞሉልኝ የምትችሉት የዚያን ቀን እዚያ የቆማችሁ ናችሁ። ብስክሌቱን ማን እንዳነሣው፣ ለቅሶውን መጀመሪያ ማን እንደጀመረው፣ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ። ስሟን የጠራ ሰው ካለ ግን ከሁሉም በፊት እሱን መስማት እፈልጋለሁ። ከስሟ ቀጥሎ ምን ሊላት እንደነበር ይንገረኝ፤ ለአማረች እኔ አደርስላታለሁ።